ጫማ ሠሪውና አካሄድ የሚለየው ካሜራ

እኔ ልብስ ሰፊ ሴት ነኝ፤ ኮቴ ጫማ ሠሪ ነው። አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን፣ እሱ የስፌት መኪናዬን ጩኸት እያማረረ፣ እኔ በማስቲሹ ሽታ እየነዘነዝኩት አብረን ያረጀን ጎረቤታሞች ነን። መሃላችን መጋረጃ አለ። መጋረጃ ይባል እንጂ ዘወትር ወደ ግድግዳው ተሰብስቦ ነው የሚውለው፤ ሁለታችንም ወሬ እንዲያመልጠን አንፈልግም።

ክፍላችን ከመንገዱ ዝቅ ያለች ናት። መስኮቷ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ከአላፊ አግዳሚው የሚታየን ከጉልበት በታች ያለው ብቻ ነው። እኔ በዚያ መስኮት ስመለከት ኖሬ የታዘብኩት ነገር ቢኖር ስንቱ ሰው የተተረተረ ሱሪውን ሳያሰፋ እንደሚሄድ ነው። ኮቴ ግን ሌላ ነገር ያያል። እጁን ከሥራው ሳያነሣ፣ ሾፌሩ መጣ፣ ዛሬ ወገቡን አሞታል ይላል። ትንሽ ቆይቶ የታክሲ ሾፌሩ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ደረጃውን ይወርዳል። ኮቴ የሚለውን ስም ያወጡለት እንዲህ እያደረገ ያስደነገጣቸው ደንበኞች ናቸው። እኔ ግን ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው።

አሠራሩም የራሱ ነው። ጫማ ላሠራ ብሎ የመጣ ሰው እግሩ ከመለካቱ በፊት መሄድ አለበት። «እስኪ እስከ በሩ ደርሰህ ተመለስ» ይለዋል፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ። ሰው ደግሞ እየታየ መሆኑን ሲያውቅ አካሄዱ ይጠፋዋል። አንዱ ወታደር ይሆናል፣ አንዷ ሙሽራ ትሆናለች፣ ሌላው እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። ኮቴ ይህን ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን ጉዞ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ኑሮው፣ ስለ ዝናቡ እያጫወተ ያዘናጋቸውና መታየታቸውን ረስተው ሲንቀሳቀሱ ነው የሚያያቸው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ጫማ እግር አይነካም፤ ይህን የምለው ጎረቤቴ ስለሆነ አይደለም።

ከሥራው ሌላ የሚወደው የሳይንስ ዜና ነው። ከራሱ በላይ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ሬዲዮ አለችው፤ የሳይንስ ፕሮግራም ሲጀመር መዶሻው ይቆማል። ዛሬ የምናየው የአንዳንድ ኮከብ ብርሃን ከቦታው የተነሣው ሰው የሚባል ፍጥረት ሳይኖር ነው ሲባል የሰማ ቀን፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ጫማውን ከመቀበሉ በፊት እሱን ሲነግር ዋለ። ሐኪም አንድ ከተማ ተቀምጦ ሌላ ከተማ ያለ በሽተኛ በማሽን ቀዶ አዳነ የተባለ ጊዜማ የገዛ እጁን እያገላበጠ ሲያይ ቆየ። እንዴት ያለ ዘመን ላይ ደረስን ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያንን ድምፁን ስለምወደው አላሾፍበትም። ብዙውን ጊዜ ማለቴ ነው።

የመታየት ነገር ሲነሣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ለስልኩ ከወፍራም ቆዳ የካሜራ ቀዳዳ የሌለው ማኅደር ሰፋለት። ሰዉ ሲስቅበት ከረመና በኋላ እነዚያው የሳቁት መጥተው ለራሳቸው አዘዙ። ከመስኮታችን ትይዩ ባለው ምሰሶ ላይ ካሜራ የተሰቀለ ቀን ደግሞ በርጩማውን አዙሮ ጀርባውን ሰጠው። ካሜራው የሚያየው መንገዱን እንጂ የእኛን ጉድጓድ አይደለም ብዬ ብለፈልፍ አልሰማኝም። መንግሥት የምረግጠውን እየቆጠረ አልሠራም አለ። ብርሃኑ ከኋላው እየመጣ ሥራው ጨለመበት፣ የሚወደው የእግር ትዕይንት ቀረበት፣ ሰውን በእግሩ ኮቴ ድምፅ ብቻ መለየት ያዘ፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች።

በዚህ ጉዳይ ክፍላችን ውስጥ ያልተባለ ነገር የለም። ጫማውን በየጊዜው የሚያስጠግነው ጡረተኛ መምህር፣ ያልሰረቀ ሰው ምን ያስፈራዋል፣ የእኔ ቤት በተሰበረ ጊዜ ካሜራ ቢኖር ኖሮ ሌባው በተያዘ ነበር ባይ ነው። ሾፌሩ በበኩሉ ትናንት ስለ ጎማ አወራሁ፣ ዛሬ ስልኬ የጎማ ማስታወቂያ ይዞልኝ መጣ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ ይላል። እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ፣ እኔን ሲከታተል የሚውል ሰው ካለ በጣም ነው የማዝንለት። ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት፤ እንቅልፍ ይጥለዋል።

ኮቴ አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። ነበረው ማለቴን ቢሰማ ይቆጣኛል፤ አለው። ልጅ ሳለ በደረሰበት ሕመም ቀኝ እግሩ አጥሮ ቀረ። ከገበያ የሚገዛ ጫማ አልሆን ሲለው ታላቁ ከአንድ ጫማ ሠሪ ሥር ቁጭ ብሎ ሙያውን ተማረ። በሕይወቱ የሠራው የመጀመሪያ ጫማ ቀኙ ወፍራም ሶል ያለው የወንድሙ ጫማ ነው። ልጁ አደገና ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄደ። በመጀመሪያ ይደውል ነበር። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ፣ አየሁት የሚልም ጠፋ። አንዱ ባሕር ተሻገረ ይላል፣ ሌላው ዓይኑን ሰብሮ የሞተ ይመስለኛል ይላል። እኔ ወደዚያች ክፍል የገባሁት እሱ ከሄደ በኋላ ስለሆነ መልኩን እንኳ አላውቀውም።

አንድ ጊዜ ዘመዶቹ ተሰብስበው መጡ። ቁርጡን አውቀህ እርምህን አውጣ፣ እኛም እናልቅስ አሉት። ኮቴ በየተራ ወንበር ሰጣቸው፣ ውኃ ቀዳላቸው፣ ሳላይ አልቀብርም ብሎ ሸኛቸው። ፎርማ የሚሉት ጫማ የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት አለ አይደል? የወንድሙ ፎርማ ከጥግ ተሰቅሏል፤ እንዳይሰነጠቅ በየጊዜው አውርዶ ዘይት ይቀባዋል። ሲቀባው አላናግረውም።

እንዲህ ሆነን እያለ ነው ያ ዜና የመጣው። ቴሌቪዥኑ የእኔ ነው፤ ልብሳቸውን የሚጠብቁ ሰዎች እንዳይነጫነጩብኝ የሰቀልኩት ነው። ሾፌሩና መምህሩ ነበሩ። በዚሁ በከተማችን ያለ አንድ የምርምር ተቋም ሰውን በአካሄዱ ብቻ የሚለይ ማሽን ሠራ ተባለ። ፊቱን ቢሸፍን፣ ከሩቅ ቢሆን፣ ጀርባውን ቢያዞር እንኳ ያውቀዋል፤ የሰው አካሄድ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ የአንዱ ከአንዱ አይገጥምም አለ ዜና አንባቢው። የኮቴ መዶሻ አየር ላይ ቀረ። እኔ ማን እንደ እኔ ብዬ፣ ጀርባህን የሰጠኸው ካሜራ በጀርባህ ሊያውቅህ ነው አልኩት። ሾፌሩ በሳቅ ሞተ። ኮቴ ግን አልሰማንም።

«እኔ ብቻ የማውቀው ነገር መስሎኝ ነበር» አለ፣ በዚያ ለኮከብ በሚያወጣው ድምፁ። ቅናት የለበት፣ ቅሬታ የለበት፤ ዓይኑ ብቻ ይበራል።

ከዚያ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ። መንገድ ላይ የተቀረጹት ሰዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ ወደ ጥላ ተለውጠዋል። ፊት የለ፣ ልብስ የለ፣ መንገዱ ራሱ የለ፤ በነጭ ሰሌዳ ላይ የሚሄድ ጥቁር የሰው ቅርጽና ከራሱ በላይ ቁጥር ብቻ። አንዱ አለፈ፣ ሌላዋ አለፈች። ሦስተኛው ሲመጣ ኮቴ ከበርጩማው ተነሣ። የማስቲሹ ብሩሽ ጉልበቱ ላይ ወደቀበት። ያ ጥላ ቀኝ ትከሻው በየእርምጃው ዝቅ ይላል፤ ቀኝ እግሩ ከማረፉ በፊት መሬቷን ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስል ትንሽ ይዘገያል።

«ወንድሜ ነው» አለ። «አለ። እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ።»

መምህሩ ቀስ ብሎ ጥላ እኮ ነው፣ በጥላ ሰው አይታወቅም ሊለው ሞከረ። ኮቴ አልተከራከረውም። በርጩማውን አንሥቶ ወደ ድሮው ቦታ አዞረና መስኮቱ ፊት ተቀምጦ ያንን ሲረግመው የኖረውን ካሜራ ትክ ብሎ ያየው ጀመር። የእኔን እርምጃ አትቁጠሩ ሲል የነበረ ሰው፣ ምነው የወንድሜን በቆጠራችሁልኝ ማለቱ ነበር።

በማግስቱ ሱቃችንን ዘግተን ወደ ተቋሙ ሄድን። ብቻውን ልኬው ቅስሙ ተሰብሮ ሲመለስ ማየት ስለማልችል ነው አብሬው የሄድኩት። ደግሞ ማሽኑን ማየት ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንዲት መሐንዲስ መጥታ ተቀበለችን። ልጅ እግር ናት፣ ትሕትናዋ ደስ ይላል። ኮቴ ፎርማውን ከጨርቁ ፈትቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። የወንድሜ እግር ይኸውና፣ ስትፈልጉት ይረዳችኋል አላት። ምን እንደምታደርገው ጨነቃት፤ ግን አልሳቀችም። እስከ መጨረሻው ሰማችውና እንጨቱን በሁለት እጇ መለሰችለት።

«አባቴ፣ እኛ ጋ ስም የለም» አለችው። «ያለው ጥላና ቁጥር ነው። የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ባውቅም ደግሞ አልነግርዎትም። ዛሬ እርስዎ ወንድሜን አሉ፤ ነገ ከዱላው ያመለጠች ሚስቱን የሚፈልግ ይመጣል። እሱም እንደ እርስዎ እየለመነ ነው የሚመጣው። እኔ በምን እለያችኋለሁ?»

እኔ ተናድጄ ነበር። አንዲት ቁልፍ ብትነካ የሚገኝ ሰው እያለ ምን ሕግ ታወራለች ብዬ አፌን ስከፍት ኮቴ በእጁ ከለከለኝ። ፎርማውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ እውነትሽን ነው ልጄ፣ ይኼን እኔ ራሴ ስለው የኖርኩት ነው አላት። ሊነሣ ሲል ግን ሆዱ አልቆረጠለትም። እዚህ ድረስ ከመጣሁ ማሽኑ ሲሠራ ልየው ብሎ ለመናት። የልጅቱ ፊት ወዲያው በራ። ለካ እሷም የሚያይላት ሰው ስትፈልግ ነው።

ወደ አንድ ረጅም ክፍል ወሰደችን። ግድግዳው ነጭ ነው፣ በአንድ በኩል ካሜራዎች ተደርድረዋል፣ ዳር ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። «እስከ ግድግዳው ደርሰው ይመለሱ» አለችው። ኮቴ ከት ብሎ ሳቀ። ዕድሜ ልኩን ሰውን የሚያዝዘውን ነገር ሲታዘዝ የመጀመሪያው ነበር። ሄደም፤ እንዴት ያለ መሄድ! እንደ ደንበኞቹ እጁ ጠፋበት፣ አንገቱ ደረቀ። ልጅቱ ምንም ሳትለው ጫማዋን አሳየችውና ለምን በውጭ በኩል ብቻ እንደሚያልቅባት ጠየቀችው። እሱም እየተመላለሰ ማስረዳት ጀመረ፤ ክብደትሽን ወደዚህ ትጥያለሽ፣ ተረከዝሽ እንዲህ ያርፋል እያለ ማሽኑን ረሳው። ያን ጊዜ እኔን በክርኗ ነካ አድርጋ ወደ ስክሪኑ አመለከተችኝ።

ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ። ኮቴ በብርሃን ተሥሎ ይሄዳል። ቆዳውና ሥጋው የለም፤ ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱ፣ ዳሌው፣ ትከሻው ትንንሽ የብርሃን ነጥቦች ሆነው፣ በቀጭን መስመር ተያይዘው፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው እየታጠፈ ይፈስሳሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ለዚህ አካል ሱሪና ኮት ስሰፋ ውስጡ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሠራ አስቤ አላውቅም። እኛ ይህን ሁሉ እያደረግን ነው ውኃ ልንጠጣ የምንነሣው? ኮቴም ዞር ብሎ ራሱን አየ።

በዚህ መሃል ማሽኑ ድምፅ ሰጠ። ስክሪኑ ላይ፣ ይህ አካሄድ ከዚህ በፊት ታይቷል የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከብርሃኑ ሰውዬ አጠገብ አንድ ጥቁር ጥላ መጥቶ አብሮት መራመድ ጀመረ። ያ በዜና ያየነው ጥላ ነው። ቀኝ ትከሻቸው እኩል ዝቅ ይላል፤ ቀኝ እግራቸው እኩል ይዘገያል። ልጅቱ ፊቷ ተለዋወጠ። አንድ ሁለት ቁልፍ ነካክታ ደግማ አየች፣ ከዚያ ወደ ኮቴ ዞረች።

«አባቴ» አለች፣ «ያ የሚፈልጉት ሰው እርስዎ ነዎት።»

እኔ አይሆንም አልኩ። ጋሼ አያነክስም፣ እግሩ ደህና ነው፣ ማሽናችሁ ተሳስቷል ብዬ ተቆጣኋት። ልጅቱ ሱቃችን የት እንደሆነ ጠየቀችን። ስንነግራት፣ ቀረጻው ከእኛ ሱቅ በላይ ባለው መንገድ፣ ቆዳ የሚሸጥበት በር ላይ ነበር አለች። ኮቴ ቆዳ የሚገዛው እዚያ ነው። ያኔ እንደገና አየሁት፣ በስክሪኑ ሳይሆን በዓይኔ። እውነት ነው፤ በጣም ትንሽ ነው፤ ኮት የለበሰ ሰው ላይ የማይታይ። እኔ ደግሞ መቼ ሲሄድ አይቼው አውቃለሁ? ጠዋት ቀድሞኝ ይገባል፣ ማታ ከእኔ በኋላ ይወጣል፤ የማውቀው የተቀመጠውን ኮቴ ነው። እሱም የአገሩን ሰው አካሄድ ሲያጠና የራሱን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ልጅቱ፣ ማሽኑ ማን እንደሆነ ይለያል እንጂ ለምን እንዲህ እንደሚሄድ አያውቅም አለች፣ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ።

ምክንያቱን ግን ኮቴ ያውቀው ነበር። ስክሪኑ ድረስ ሄዶ ጣቱን ጥላው ላይ አኖረ።

«ትምህርት ቤት ስንሄድ ልጆች ይስቁበት ነበር» አለ። «ከኋላው እያነከሱ ይከተሉታል። ልደበድባቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ እኔም አብሬው አነክስ ጀመርኩ። በማናችን እንደሚስቁ ይጥፋባቸው ብዬ ነው። ጠዋትም ማታም እንደዚያ ነበር የምንሄደው፣ እሱ እስኪያድግ። መቼ እንዳቆምኩ ግን አላስታውስም።»

«አላቆሙም እኮ» አለችው ልጅቱ።

እኔ እዚያው ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሕያው ወንድም ሊወስድ መጥቶ ባዶ እጁን ሊመለስ ነው፤ ያ የአንድ ቀን ተስፋ ከነጭራሹ ባይመጣ ይሻለው ነበር እያልኩ። ኮቴ ግን አልተሰበረም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አንዴ ድገሚልኝ አላት። ደገመችለት። አሁንም ድገሚው አላት። ጥላው ከብርሃኑ ጎን እኩል እየረገጠ ሲያልፍ፣ ኮቴ የኮከቡ ብርሃን የተነገረው ቀን እንደሆነው ሆኖ፣ ራሱን እየነቀነቀ ያይ ነበር። «ለካ ወንድሜን ይኼን ሁሉ ዘመን በእግሬ ይዤው ስዞር ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ልንወጣ ስንል ልጅቱ አንድ የሥራ ግዴታ እንዳለባት ነገረችው። አሁን ጥላው የማን እንደሆነ ስለታወቀ ማሽኑ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለው እሱ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ከጠላ አሁኑኑ ይሰረዛል። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ የስልኩን ማኅደር አሰብኩና በልቤ ሳቅሁ። ኮቴ ግን ከጥላው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ይቀመጥ አላት። ምናልባት ወንድሜም አንድ ቀን በዚያ መንገድ ቢያልፍ ማሽኑ ያውቀዋል አለ። ቢያልፍም ልነግርዎት እንደማልችል ነግሬዎታለሁ አለችው። አትንገሪኝ፣ የሚያውቀው ይኑር ብዬ ነው አላት።

ፎርማውን በጨርቁ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተና ወጣን። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። እኔ እንደ አመጣጣችን ጎን ለጎን ልሄድ ስጠጋው ቆመ። እንደ አፋር ልጅ ፊቱ ቀላ።

«አንቺ ከኋላዬ ሁኚ» አለኝ። «እንዳታናግሪኝ። ዝም ብለሽ ብቻ እዪልኝ።»

እሺ አልኩት። ትንሽ ራቅ ብሎ እስኪቀድመኝ ጠበቅሁት። መጀመሪያ እጁ የት እንደሚገባ ጠፋበት፤ ከዚያ የሰው ግፊያ አዘናጋው መሰለኝ፣ ረሳው። ቀኝ ትከሻው ዝቅ አለ፣ ቀኝ እግሩ ትንሽ ዘገየ። እኔም መልኩን የማላውቀውን ያንን ልጅ እስከ ሱቃችን ደረጃ ድረስ ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ አደረስኩት።